ተግሣጽ ያለ ማዋረድ

ልጆቼ ሆይ፤ አባትና እናት ለልጃቸው ትምህርት እስከ ምን ድረስ እንደሚደክሙ ለማወቅ የሚሻ ሰው የደቡብ ኮሪያን ሕዝብ ይመልከት። በዚያ አገር ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው ፈተና በኅዳር ወር በሚሰጥበት ዕለት፣ መንገድ እንዳይጨናነቅ ሠራተኛው አርፍዶ ሥራ ይገባል፤ የረፈደበትን ተማሪ ፖሊስ በሞተር ብስክሌት ያደርሰዋል፤ የእንግሊዝኛው የማዳመጥ ፈተና ሲጀመርም ድምፃቸው ተፈታኞቹን እንዳያውክ አውሮፕላኖች ከመነሣትና ከማረፍ ይታገዳሉ። በሴኡል በጆግየሳ የቡድሃ ቤተ መቅደስም እናቶች የልጃቸውን ፎቶግራፍ ከፊታቸው አኑረው ሲሰግዱ ይውላሉ።

የዚህ ትጋት ሥሩ ጥንታዊ ነው። እ.ኤ.አ. ከ958 ጀምሮ እስከ 1894 ድረስ ለመንግሥት ሹመት የሚታጩት ሊቃውንት የቻይናዊውን ፈላስፋ የኮንፊሽየስን ትምህርት የያዙ መጻሕፍትን ተምረው በፈተና ይመረጡ ስለ ነበር፣ የአንድ ልጅ ማለፍ ለቤተ ዘመዱ ሁሉ መዓርግ፣ መውደቁም ለሁሉ ኀፍረት ሆኖ ኖረ። ዛሬም ልጁ ከትምህርት ቤት ሲወጣ ሀግዎን ወደሚባለው የግል ማስጠኛ ያመራል፤ በሴኡል እነዚህ ቤቶች ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ እንዳያስተምሩ በሕግ እስከ መከልከል የተደረሰውም የልጆቹ ድካም ከልክ ስላለፈ ነው።

ታዲያ ልጅን የሚጎዳው የወላጁ ተስፋ ታላቅነት ነውን? በአሜሪካ በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩት ሱ ዮንግ ኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር 444 የቻይና ተወላጅ ቤተ ሰቦችን ለ8 ዓመት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2013 ያሳተሙት ጥናት መልስ ይሰጣል። ፍቅርን ከማሳፈርና ከቁጣ ጋር የሚቀላቅሉት ወላጆች ልጆች፣ በርኅራኄ ከሚደግፉት ወላጆች ልጆች ይልቅ በትምህርት ውጤታቸው አንሰው፣ ልባቸውም አዝኖና ከወላጆቻቸው ርቆ ተገኘ። እንግዲህ አስተውሉ፤ ፍቅር በቤት ውስጥ እያለ እንኳ ማዋረድ ከገባበት ፍሬውን ያበላሻል።

በጥብቅ ወላጅ እጅ ያላችሁ ልጆች፣ ፍቅሩን ከንግግሩ ብቻ አትፈልጉ፤ ብዙ የእስያ እናት «እወድሃለሁ» ማለት ባይሆንላት፣ ልጅዋ ሲያጠና ፍራፍሬ ልጣ፣ ቆራርጣ፣ በሳሕን አድርጋ በዝምታ ታቀርብለታለችና። ሸክሙ ሲከብዳችሁ ግን በልባችሁ አምቃችሁ አትታመሙ፤ በአክብሮት ንገሯቸው፤ ካልሰሟችሁም የሚያከብሩትን አጎት ወይም መምህር አማላጅ አድርጉ።

ነገ ወላጅ የምትሆኑም፣ ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ ልጆችን ለመታዘዝ ባዘዘበት ቃል አጠገብ አባቶችም ልጆቻቸውን እንዳያስመርሩ ማዘዙን አትርሱ። ልጃችሁ ዝቅ ያለ ውጤት ይዞ በመጣ ቀን፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ሳታወዳድሩት፣ በእንግዳ ፊትም ሳታሳፍሩት፣ አጠገቡ ተቀምጣችሁ የከበደውን ትምህርት አብራችሁት መርምሩ፤ ከእርሱ የምትጠብቁትን ግን አታሳንሱበት።