ጆሮዋ

ስለ አሬታ ፍራንክሊን ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ድምፅዋ ጉልበት ነው። ጉልበቱስ ነበራት። እኔን ግን ደጋግሞ የሚጠራኝ በ1963 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው) የወጣው «ስካይላርክ» የተሰኘው የጃዝ ዜማዋ ነው። ያኔ 21 ዓመቷ ነው። ከኋላዋ ቫዮሊኖቹ ከልክ በላይ ያባብላሉ። እሷ ግን አትቸኩልም። ቃሉን ከምቱ ትንሽ አዘግይታ ትጥለዋለች፣ ሌላውን ደግሞ ታስቀድመዋለች። ወደ መጨረሻው ስትቃረብ፣ ሌላ ዘፋኝ ለመውረድ በሚዘጋጅበት ቦታ፣ ድምፅዋን ድንገት ሽቅብ ትወረውረዋለች። ያ ጉሮሮ ብቻ የሚሠራው ሥራ አይመስለኝም። ዜማው ወዴት ሊሄድ እንደሚችል ቀድሞ የሰማ ጆሮ አለ።

ተፈጥሮ ሰጠቻት የምንለው እንግዲህ ይህን ጆሮ ይመስለኛል። ኖታ ማንበብ አልተማረችም፤ ፒያኖን የለመደችው እየሰማች ነው። ያደገችው ዲትሮይት ውስጥ፣ ስብከቱ በሸክላ ታትሞ ይሸጥ በነበረው ሰባኪ አባቷ ቤት ነው። ማሃሊያ ጃክሰንና ክላራ ዋርድን የመሳሰሉ ዘማሪዎች ቤቱን ያዘወትሩት ነበር። በ14 ዓመቷ በአባቷ ቤተ ክርስቲያን የዘመረችው ተቀድቷል። ያንን የሰማ ሰው ልጅነቷን ይጠራጠራል፤ ሐዘንን እንዲህ አድርጋ መቼ አወቀችው?

ከ1960 በኋላ በኮሎምቢያ የሙዚቃ ኩባንያ ያሳለፈቻቸውን ዓመታት ብዙዎች እንደ ባከነ ጊዜ ይቆጥሯቸዋል። እኔ አልስማማም፤ «ስካይላርክ» የዚያ ዘመን ፍሬ ነው። ግን አንድ ነገር እውነት ነው፦ ብዙውን ጊዜ ሌሎች ባቀናበሩት ሙዚቃ ላይ ነበር የምትዘፍነው። በ1967 የአትላንቲክ ሙዚቃ ኩባንያው ፕሮዲዩሰር ጄሪ ዌክስለር አላባማ፣ መስል ሾልስ ወደሚገኝ ስቱዲዮ ወስዶ ፒያኖ ላይ አስቀመጣት። ልዩነቱ ሲደመጥ ይታወቃል። ድምፅዋ ሲዘገይ እጇ ይጠብቀዋል፤ ድምፅዋ ሲያርፍ እጇ ቃሉን ይጨርስለታል። ምንም ጎበዝ አጃቢ ቢሆን ዘፋኙ የሚያደርገውን መገመቱ አይቀርም። እዚህ ግምት የለም፤ ሁለቱንም የሚያዘው አንድ ጆሮ ነው።

በዚያው ዓመት «ሪስፔክት» የተባለውን ዘፈን ቀዳችው። ዘፋኙ ኦቲስ ሬዲንግ ጽፎ በ1965 ሲያወጣው፣ ከሥራ ወደ ቤቱ የሚገባ ባል የሚያሰማው ልመና ነበር። እሷ በዚያው ዜማ ውስጥ ሚስቲቱን ሰማቻት፤ ከእህቶቿ ጋር ሆና የራሷን አዝማች ጨመረችበት። የመጀመሪያውን ባለቤት ዛሬ የሚያስታውስ ጥቂት ነው፤ ሬዲንግን እንደምወድ ሰው ትንሽ ያሳዝነኛል።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የ1998ቱ የግራሚ የሙዚቃ ሽልማት ምሽት ነው። በዚያ ምሽት ሊዘፍን የነበረው የኦፔራ ዘፋኝ ፓቫሮቲ ታሞ ቀረ። ዝግጅቱ በቀጥታ እየተላለፈ ነው፤ ኦርኬስትራው «ኔሱን ዶርማ» የተሰኘውን የኦፔራ ዜማ የተለማመደው በእሱ ድምፅ ልክ ነው፤ ለመቀየር ጊዜ የለም። እሷ ዜማውን ከሁለት ሌሊት በፊት ለእሱ ክብር በተሰናዳ ዝግጅት ላይ ዘፍናው ነበር፤ ግን በራሷ ልክ። የኦፔራ ሰዎች በአዘፋፈኗ ላይ የፈለጉትን እንከን ያውጡ፤ እኔን የሚደንቀኝ ቀጥሎ የሆነው ነው። የልምምዱን ካሴት አመጡላት፤ አዳመጠችና መድረክ ላይ ወጥታ በፓቫሮቲ ልክ ዘፈነችው።