አንተና እርስዎ ስለ ማለት

አንባቢ ሆይ፤ አማርኛ የሚናገር ሰው አፉን ከመክፈቱ በፊት የባልንጀራውን ማዕርግ ሊመዝን ግድ ነው። ለዳኛው እርስዎ፥ ለአረጋዊው አንቱ፥ ለተሸካሚው አንተ እንላለን፤ ግሡም አብሮ ይለወጣልና ሳይመርጡ መናገር አይቻልም። ግዕዝ ግን ይህን መለያ አያውቅም፤ በእርሱ ንጉሡም እረኛውም አንተ ናቸው። ለሹም እርስዎ የሚል አንደበታችን በጸሎት ጊዜ እግዚአብሔርን አንተ ይላል፤ ይህንም ማንም እንደ ድፍረት አይቈጥረውም።

በእንግሊዝ አገርም እንዲህ ያለ መለያ ነበረ። በ17ኛው መቶ ዓመት ጆርጅ ፎክስና ክዌከር የተባሉት ወገኖቹ፥ ሰው ሁሉ በእግዚአብሔር ፊት እኩል ነው ብለው፥ ዳኛውንም ባለጠጋውንም እንደ ድኻው አንተ አሉ፤ ስለዚህም ተሰደቡ፥ ተደበደቡም። ከጊዜ በኋላ ቋንቋው አንተን ትቶ የአክብሮቱን ቃል ለሁሉ ሰጠ። ሆኖም ቃሉ አንድ ስለ ሆነ ትዕቢት ከዚያ አገር አልጠፋም፤ ወደ ድምፅ ቃናና ወደ አነጋገር ተሻገረ እንጂ።

እንግዲህ አማርኛ ጀማሪ የሆነ እንግዳ ሽማግሌን አንተ ቢል ባለጌ ነው አትበል፤ ቋንቋው ይህን ሚዛን በእጁ አላስያዘውምና። አንተ ግን ከልጅነትህ ጀምረህ ይዘኸዋል።

ይህን የምጽፍልህ እኔ፥ አንድ ቀን እንጨት ተሸክሞ ከመጣ ሽበታም ሰው ጋር በዋጋ ስከራከር አንተ አልሁት። እርሱም ሸክሙን አውርዶ ላቡን እየጠረገ፥ «እርስዎ እንዳሉ ይሁን፥ ጌታዬ» አለኝ። በዕድሜ ልጁ እሆን ነበር።