የተሰበረ ፒስተን መሥዋዕት ይሆናልን?

በኒውዚላንድ ደቡብ ጫፍ፣ በኢንቨርካርጊል ከተማ ይኖር የነበረው በርት ሙንሮ በወርክሾፑ ውስጥ አንድ መደርደሪያ ነበረው። የደረደረበት ያቃጠላቸውን ፒስተኖችና የሰባበራቸውን የሞተር ዕቃዎች ነው። «ለፍጥነት አምላክ የቀረቡ መሥዋዕቶች» ብሎም ጽፎበታል። ሮጀር ዶናልድሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ እሱ የሠራው ዘጋቢ ፊልም ርእሱን የወሰደው ከዚሁ ጽሑፍ ነው። ብዙ ሰው እንደ ቀልድ አንብቦ ያልፈዋል። እኔ በቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት የደገምኩ፣ ዛሬ ደግሞ ሞተር እያወረድኩ የምተዳደር ሰው በመሆኔ ላልፈው አልቻልኩም። ለማወቅ ሲባል የተሰበረ ነገር በእውነት መሥዋዕት ሊባል ይችላል?

ሙንሮ ኢንዲያን ስካውት የምትባለውን ሞተርሳይክል እ.ኤ.አ. በ1920 አዲስ ገዛ። ሞተሯ 600 ሲሲ ገደማ ነበር፤ ከፋብሪካ ስትወጣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር እንኳ አትሞላም። ከአርባ ዓመት በላይ ፈታት፣ ገጠማት፣ ሰበራት። ፒስተኖቹን አሮጌ ጣሳ ቅርጽ ማውጫ አድርጎ ራሱ አፈሰሰ። ሲሊንደሩን ከጋዝ ቧንቧ ብረት አወጣ፤ ቢዬላዎቹን በእጁ ሞረደ፤ ከጎን የነበሩትን ቫልቮች ወደ ላይ አዛወራቸው። እ.ኤ.አ. በ1967፣ በ68 ዓመቱ፣ ወደ 950 ሲሲ ባሳደገው በዚያው ሞተር በአሜሪካ ዩታ ግዛት፣ በቦንቪል የጨው ሜዳ ላይ በሰዓት 296 ኪሎ ሜትር ሄዶ ከ1000 ሲሲ በታች ባለው ምድብ ክብረ ወሰን ያዘ። ሙያውን ያስተማረው መሐንዲስ አልነበረም። የተማረው ከስብርባሪው ነው።

ሳይሰብሩ ማወቅ አይቻልም ወይ? ይህን የሚጠይቁኝ የተማሩ ወጣቶች አሉ፤ ስሌት አለ፣ ኮምፒውተር አለ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። የሞተሩ ዙር እጥፍ ሲሆን፣ ፒስተኑ አቅጣጫ በሚቀይርበት ቅጽበት በቢዬላው ላይ የሚያርፈው ኃይል አራት እጥፍ እንደሚሆን ምንም ሳንሰብር ከወረቀት እናውቃለን። አሉሚኒየም ሲሞቅ ሲሊንደሩ ከተሠራበት ብረት ሁለት እጥፍ ገደማ እንደሚሰፋም እናውቃለን፤ በሁለቱ መካከል ክፍተት የምንተወው ለዚሁ ነው። ወረቀቱ የማያውቀው ማታ በዚያ ጣሳ የፈሰሰው አሉሚኒየም ሆዱ ውስጥ የአየር አረፋ ይዞ መቅረቱን ነው። ስሌት ስለ ፒስተን በጠቅላላው ይናገራል። የሚሰበረው ግን ሁልጊዜ አንድ ፒስተን ነው፤ በእኛ ወርክሾፕ አቅም ደግሞ የዚያን የአንዱን ጠባይ የምናውቀው እስከ ወሰኑ ስንወስደው ብቻ ነው።

ጓሮዬ ውስጥ አንድ አሮጌ የቬስፓ ሞተር አለኝ። ልነዳው አይደለም፤ የምጠይቀው ሞተር ነው። ቴስታታውን ቶርኖ ላይ አስላጭቼ ግፊቱን ሆን ብዬ ከፍ አደርግና እስኪጎዳ አስነሣዋለሁ። ከዚያ ፈትቼ ፒስተኑን ፀሐይ ላይ አገላብጠዋለሁ። ጠርዙ ላይ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካወጣ ቤንዚኑ በሥርዓት መንደዱን ትቶ ፈንድቷል። አናቱ መሀል ላይ ቀልጦ ከተበሳ ከካንዴላው ብልጭታ በፊት ነዷል። በአራት ወገን ከተፋቀ ሞተሩ ሳይሞቅ ተጨቁኗል፤ ፒስተኑ ፈጥኖ ሲሰፋ ሲሊንደሩ ገና ቀዝቃዛ ነበር። የተፋቀው በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ቤንዚኑ ወይም ዘይቱ አንሷል ብዬ መጀመሪያ የምፈታው ካርቡራተሩን ነው። ደህና የሚሠራ ፒስተን ከእነዚህ አንዱንም አይነግረኝም።

ወደ መሥዋዕቱ ልመለስ። በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 22 ለመሥዋዕት የሚቀርበው እንስሳ ነውር የሌለበት እንዲሆን ታዟል። ነቢዩ ሚልክያስም ካህናቱን የሚገሥጻቸው ዕውርና አንካሳ ስላቀረቡ ነው። ታዲያ የተቃጠለ ፒስተን እንዴት ይቀርባል? እኔ የማየው እንዲህ ነው፦ መደርደሪያው መሠዊያ አይደለም። መሠዊያው ሞተሩ ነው። ፒስተኑ ወደ እሳቱ ሲገባ ሙሉ ነበር፤ ሰውየው ያለውን ችሎታ ሁሉ አፍስሶበታል፣ በዚያ ሰዓት የተሻለ ሌላ ፒስተን አልነበረውም። መደርደሪያው ላይ ያለው አመዱ ነው። ለአመዱም ሥርዓት አለው፤ በዚያው መጽሐፍ ምዕራፍ 6 ካህኑ ልብሰ ተክህኖውን ለብሶ ከመሠዊያው እንዲያነሣው፣ በኋላም ወደ ንጹሕ ስፍራ እንዲያወጣው ታዟል። ሙንሮ ይህን አስቦ ያድርገው አያድርገው አላውቅም፤ ያደረገው ግን ይህንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን በብርቱ እላለሁ። የሚሠዋው የራስ የሆነው ብቻ ነው። ዳዊት ኢያቡሳዊው ኦርና አውድማውንና በሬዎቹን በነፃ ሲሰጠው ዋጋ ያልከፈልኩበትን አላቀርብም ብሎ ገዝቷቸዋል። የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን ትቶልኝ ሲሄድ የልጆቹን ራት ነው የተወልኝ። በዚያ ሞተር ላይ እጁን የሚያፍታታ መካኒክ በሰው በሬ እየሠዋ ነው፤ ዕውቀት ቢያገኝበትም ሌብነት ነው።

የቀረው «ለማን?» የሚለው ነው። የፍጥነት አምላክ የሚባል እንደሌለ አምናለሁ፤ ለጣዖትም አልሰግድም። ነገር ግን አሉሚኒየም የሚሰፋበትን ልክ፣ ብረት የሚችለውን ሸክም የወሰነ ፈጣሪ አለ። የገዛ እጁን ሥራ ከፍሎ ያንን ልክ ለማንበብ ጎንበስ የሚል ሰው፣ ስሙን ባይጠራውም ባለቤቱን ያከብራል ብዬ አስባለሁ። ሙንሮ ስሙን ስቷል፤ ስጦታው ግን የትም አልወደቀም።

እኔን የሚያሳዝነኝ ከወርክሾፖቻችን የሚወጣው ነው። ሞተር ይወርዳል፣ የተጎዳው ፒስተን ከነፋሻው ጆንያ ውስጥ ይገባል፣ ተለማማጁ ሳያየው ቁራሌው በኪሎ ይወስደዋል። ወርክሾፕ ያላችሁ ወንድሞቼና እኅቶቼ፣ ግድግዳው ላይ አንድ ሳንቃ ምቱ። ከሳንቃው ላይ ስብርባሪውን አስቀምጡ፤ የተሰበረበትን ቀንና ምክንያቱን ጻፉበት። ተለማማጁ በእጁ ይዞ ምክንያቱን በራሱ አፍ እስኪነግራችሁ ድረስ አትሽጡት።