ከሥዕሉ ሥር

በደብረ ብርሃንና በሸዋ ሮቢት መካከል ሰው የምታመላልስ አንዲት ሚኒባስ ያለችው ሰው ነበር አሉ። ቁጡ ነው፤ ሒሳብ አዋቂም ነው። የቀድሞውን ሹፌር ባባረረ ማግስት አንድ ዝምተኛ ወጣት ቀጠረ።

መንገዱን የሄደበት ያውቀዋል። ደብረ ብርሃን ከ2,800 ሜትር በላይ ናት፤ ጣርማ በር 3,000 ያልፋል። ከጣርማ በሩ ዋሻ ወዲያ ቁልቁለቱን ተጠማዝዘው ወርደው፣ ደብረ ሲናን አልፈው ሸዋ ሮቢት ሲገቡ ግን ጋቢ አውልቆ ጥላ ፍለጋ ነው። ማለዳ ውርጭ ያነጣት መኪና እኩለ ቀን ላይ በፀሐይ ትግላለች።

በመስከረም መጨረሻ ከፊት የሚሄድ ሲኖትራክ ያስፈነጠራት ጠጠር የሚኒባሷን የፊት መስታወት መታችው። ሹፌሩ ወርዶ ቢያይ ከአንድ ብር ሳንቲም ያነሰች፣ ዙሪያዋን እግር ያወጣች ስንጥቅ ናት። ከውስጥ በኩል በጣቱ ሲዳብሳት ልሙጥ ሆነችበት። ያታለለው ይኸው ነው። የመኪና የፊት መስታወት ሁለት ድርብ ነው፤ መካከሉ ላይ ስስ ፕላስቲክ አለ። ኤዱዋር ቤኔዲክተስ የተባለ ፈረንሳዊ ኬሚስት እ.ኤ.አ. በ1903 ከመደርደሪያ የወደቀ ብልቃጥ ተሰነጣጥቆ ሳይበተን ቢያይ፣ ውስጡ ደርቆ የቀረው ነገር አያይዞት ኖሯል፤ ነገሩ ከዚያ ተጀመረ ይባላል። የስንቱን ፊትና ዓይን ያተረፈ ሥራ ነው። ዳሩ ግን ጠጠር የሚያቆስለው የውጪውን ድርብ ስለሆነ፣ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ምንም የደረሰ አይመስለውም።

ሹፌሩ ከገበያ የቅዱስ ሚካኤልን ተለጣፊ ሥዕል ገዛና ከውጭ በኩል ስንጥቋ ላይ ለጠፈው። ባለንብረቱ ሥዕሉን ባየ ጊዜ ደስ አለው፤ “ሃይማኖተኛ ልጅ አገኘሁ” እያለ ለጎረቤት አወራ።

ጥቅምት ገባ፤ ውርጩም መጣ። ረዳቱ በየማለዳው ሙቅ ውሃ እየደፋ ከመስታወቱ ላይ አመዳዩን ያቀልጣል። መስታወት ሲሞቅ ይለጠጣል፣ ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል፤ ስንጥቅ የምትሮጠው በዚህ መሳሳብ ነው። ለኅዳር ሚካኤል ሰሞን ከመልአኩ ሰይፍ ጫፍ የተነሣ መስመር እስከ መስታወቱ ጠርዝ ተዘርግቶ ታየ። ተሳፋሪው ሰይፉ የሰነጠቀው ይመስል አማተበ።

ባለንብረቱ ሹፌሩን አስከትሎ አዲስ አበባ ወደሚገኝ መስታወት ሠሪ ሄደ። ሠሪው ሥዕሉን ልጦ አነሣና “መቼ ነው የተመታው?” አለ። ሲነገረው ራሱን ነቀነቀ።

“ያን ሰሞን ብትመጡ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነበር። አየሩን መጥጬ ሬዚን እሞላባት ነበር፤ በአልትራቫዮሌት መብራት ይጠነክራል። ጠባሳዋ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ይታያል፤ መሮጧ ግን ይቆማል። አሁን የሥዕሉ ሙጫ፣ አቧራውና የእጥበቱ ውሃ ገብቶባታል፤ ቆሻሻ ላይ ሬዚን አይዝም። ርዝመቷንም ይዩት። መስታወቱን መቀየር ብቻ ነው ያለው።”

ባለንብረቱ ወደ ሹፌሩ ዞሮ ጮኸ፤ “ምነው በጊዜው ብትነግረኝ?”

“ጋሼ፣ የቀድሞው ሹፌር የስፖኪዮውን መሰንጠቅ ነግሮዎት የለ?” አለ ልጁ አንገቱን ደፍቶ። “በማግስቱ አይደል እኔን የቀጠሩኝ?”

እዚህ ላይ ባለንብረቱ ቢያፍር ታሪኩ ያምር ነበር። ሒሳብ አዋቂ ነው ብያችኋለሁ።

አዲሱ መስታወት ተገጠመ። “ደረሰኙን በማን ስም ልቁረጥ?” አለ ሠሪው።

“በእኔ። ገንዘቡን ግን ከዚህ ልጅ ደሞዝ በየወሩ እቆርጣለሁ።”

ሠሪው ደረሰኙን ጽፎ ለባለንብረቱ ሰጠና ወደ ሹፌሩ ዞረ። “እንግዲያው ሥዕል የሚሸጡት እዚያ ማዶ ነው፤ ከአሁኑ ገዝተህ አስቀምጥ” አለው።