በጦር ሜዳ የወደቀን አባት ማሰብ እንደ ምን ይገባል?

በስድስት ኪሎ አደባባይ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግፍ ለተፈጁት ወገኖቻችን የቆመው ሐውልት ይታያል፤ ከዚያም ወደ አፍንጮ በር ሲወርዱ በኮርያ ጦርነት ለወደቁት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮች የተሠራው መታሰቢያ ይገኛል። ከሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ጀምሮ በየተራ ከተላኩት ከ6,000 የሚበልጡ ዘማቾች ከ120 በላይ የሚሆኑት ሕይወታቸውን ሰጥተዋል። አባታቸው ገና በሕፃንነታቸው የዘመተባቸውና ያልተመለሰላቸው አንድ አዛውንት፦ «በየዓመቱ ስሙን በጸሎት አስጠራለሁ፤ ዳሩ ግን መልኩን የማላውቀውን አባት እንዴት ልውደድ?» ሲሉ ጠየቁን። ይህ ጥያቄ የብዙዎች ስለ ሆነ መልሱን ለሁሉ ይጠቅም ዘንድ እንጽፋለን።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ እንደ ተነገረው፣ ዮናታን በጊልቦዓ ተራራ በወደቀ ጊዜ ልጁ ሜምፊቦስቴ የ5 ዓመት ሕፃን ነበረ። መርዶው በተሰማ ጊዜ ሞግዚቱ ይዛው ስትሸሽ ወድቆ እግሮቹ ሽባ ሆኑ። ጦርነት በሜዳ ያለውን አባት ሲገድል በቤት ያለውንም ልጅ እንደሚያቈስል ከዚህ እንረዳለን። ዳዊትም ለወዳጁ አለቀሰ፤ ፍቅሩ ግን በልቅሶ አላበቃም። ከዘመናት በኋላ ልጁን አስፈልጎ አስመጣ፤ ርስቱን መለሰለት፤ ዘወትርም በማዕዱ አስቀመጠው። ስለዚህ ሜምፊቦስቴ የአባቱን ደግነት ያወቀው ስለ አባቱ በተደረገለት ቸርነት ነው።

የቃኘው ወታደሮችም የገዛ ልጆቻቸውን በሩቅ አገር ትተው ሳለ፣ በኮርያ ጦርነቱ ያለ ወላጅ ያስቀራቸውን ሕፃናት ይረዱ እንደ ነበረ ይታወሳል። እንግዲህ ለጠያቂያችን የምንመልሰው ይህ ነው፦ መልክ ይረሳል፤ በጎ ሥራ ግን ይወረሳል። በአባትዎ ስም ለአንድ እጓለ ማውታ እንጀራ ሲያጐርሱ፣ አባትዎን ከጓዶቹ ጋር ያገኙታል።

ይህን ስንል ፍትሐቱና ተዝካሩ ይቅር አንልም፤ የሥርዓታችን ነውና። ነገር ግን የጠገበ ጎረቤት ተጠርቶ የሟች ልጅ ከደጅ ቢቀር፣ ያ ድግስ እንጂ መታሰቢያ አይባልም። እኛም ካህናት የአባቱን ስም በቅዳሴ እየጠራን ልጁን ብንዘነጋ፣ ዕዳችንን በግማሽ ከፍለን ተቀምጠናል። ሐዋርያው ያዕቆብ ንጹሑን አምልኮ ሲገልጥ አባት የሌላቸውንና መበለቶችን መጠየቅን አስቀድሞ ማንሣቱ ስለዚህ ነው።

የወደቁትን ነፍስ በአብርሃም፣ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም የምንተርፍ ያድርገን። አሜን።