ርቆ መገኘት፦ የድሮን አንቴናና የውሱን ፍጡር እይታ

ፍጡር በአንድ ስፍራ ሳለ በሌላ ስፍራ ሊገኝ ይችላል ወይ የሚለው ጥያቄ ለብዙ ዘመን የነገረ መለኮት ሊቃውንት ጥያቄ ነበር፤ በአብዛኛው የሚነሣውም ስለ ሰው ሳይሆን ስለ መላእክት ነበር። በ8ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ዮሐንስ ዘደማስቆ፣ መላእክት ሥጋ የሌላቸው ረቂቃን ቢሆኑም ውሱናን እንደሆኑ፣ በሰማይ ሳሉ በምድር እንደማይገኙ፣ በሁሉ ምሉዕ የሆነው እግዚአብሔር ብቻ እንደሆነ ጽፏል፤ ይህም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ከልጅነቱ ጀምሮ የሚሰማው ትምህርት ነው። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቶማስ አኩዊናስ ይህንኑ ጥያቄ አጥብቆ መርምሮ፣ ሥጋ የሌለው ፍጡር በአንድ ቦታ አለ የሚባለው ቦታው ስለያዘው ሳይሆን ኃይሉን በዚያ ቦታ ላይ ስላሳረፈ ነው ሲል መለሰ። መገኘት ኃይልን ማሳረፍ ከሆነ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ መነጽር አጥልቆ በሩቅ ያለ ድሮን የሚያበር ሰው የት አለ ይባላል?

ጥያቄው ባዶ መራቀቅ እንዳይመስል የመሣሪያውን አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህ ዓይነቱ ድሮን ካሜራና የምስል ማሠራጫ ተገጥሞለት ካሜራው ያየውን በሬዲዮ ሞገድ ወደ ምድር ይልካል፤ አብራሪውም ምስሉን በመነጽሩ ውስጥ ባሉ ትናንሽ ስክሪኖች ላይ እየተመለከተ፣ ድሮኑ ውስጥ የተቀመጠ ያህል ሆኖ ያበረዋል። ብዙዎቹ ምስል የሚልኩት በ5.8 ጊጋኸርዝ አካባቢ ሲሆን፣ ይህም ሞገዱ በአንድ ሰከንድ 5.8 ቢሊዮን ጊዜ ይርገበገባል ማለት ነው፤ ሞገዱ አንድ ጊዜ ተርገብግቦ እስኪጨርስ የሚሄደው ርቀት፣ የሞገድ ርዝመት የሚባለው፣ 5.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ኤሌክትሪኩ ሞገድ ሆኖ ወደ አየር የሚወጣው፣ ከአየርም ተመልሶ ወደ ተቀባዩ የሚገባው በአንቴና በኩል ስለሆነ፣ አብራሪው በዚያ ሰማይ መገኘት አለመገኘቱ የሚወሰነው ጣት በምታክል ሽቦ ነው።

አንቴና መምረጥ የጀመረ ሰው አስቀድሞ የሚስተው ጌይን በሚባለው መለኪያ ነው። ጌይኑ ከፍ ያለ አንቴና ኃይል የሚጨምር ይመስለዋል፤ ይሁን እንጂ አንቴና ባትሪ የሌለው ብረት ስለሆነ ከተሰጠው ኃይል በላይ ቅንጣት ታህል መጨመር አይችልም። የሚችለው ከአንዱ አቅጣጫ ነሥቶ ለሌላው መስጠት ብቻ ነው፤ ሊጥ በአንድ በኩል ሲጫኑት በሌላው በኩል ቢወጣም ሚዛኑ እንደማይጨምር ማለት ነው። መለኪያው ዴሲቤል ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል እጥፍ፣ 10 ዴሲቤል አሥር እጥፍ፣ 20 ዴሲቤል መቶ እጥፍ ኃይልን ያመለክታል፤ ማነጻጸሪያው ደግሞ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል የሚያሠራጭ አንቴና ነው። እንዲህ ያለ አንቴና ግን በሐሳብ እንጂ በተግባር የለም። ከሁሉ ቀላል የሆነው ዳይፖል፣ ማለትም እያንዳንዳቸው የሞገዱን ሩብ፣ 13 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝሙ ሁለት ዘንጎች ያሉት አንቴና እንኳ 2.15 ዴሲቤል ጌይን አለው፤ ይህንንም ያገኘው በዘንጎቹ ጫፍ አቅጣጫ ስለማያሠራጭ ነው። በዚህም ምክንያት ዳይፖሉን ቀጥ አድርጎ ያቆመ አብራሪ አድማሱን ዙሪያውን ሲያይ ቆይቶ ድሮኑ ልክ ከአናቱ በላይ ሲደርስ ምስሉ ይረበሽበታል፤ ለራሱ ከሁሉ የቀረበው ሰማይ ከእይታው የጎደለ ሰማይ ይሆናል። የሊቃውንቱ ውሱንነት እዚህ ላይ በሚሊ ሜትር የሚለካ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ወደ አንድ አቅጣጫ አጥብቆ የሚያይ አንቴና የተገኘበት ታሪክ ከዚህ ጋር መነሣት የሚገባው ነው። እ.ኤ.አ. በ1946 በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ጆን ክራውስ፣ በቫኪዩም ቱቦ ውስጥ ስለሚገባ ጥምዝምዝ ሽቦ ንግግር ያደረገን እንግዳ፣ ይህ ሽቦ አንቴና ሊሆን ይችል እንደሆነ ጠየቀው፤ እንግዳውም መሞከሩንና እንዳልሠራ ነገረው። ክራውስ መልሱን ተቀብሎ አልተወውም። ቤቱ ገብቶ፣ ዙሪያው ከአንድ የሞገድ ርዝመት ጋር እኩል የሆነ ባለ ሰባት ዙር ጥምዝምዝ ሽቦ ሠራ፤ በ12 ሴንቲ ሜትር ሞገድም ሲሞክረው ሽቦው ከጫፉ አቅጣጫ ጠንካራ ጨረር ሰጠው። ዛሬ ድሮን የሚያበሩ ሰዎች ይህንኑ አንቴና ዲያሜትሩ 16 ሚሊ ሜትር በሚሆን ቱቦ ላይ ይጠመዝዙታል፤ ከኋላውም ጠፍጣፋ ብረት ያደርጉለታል። ሰባት ዙር ያለው አንቴና ኃይሉን ወደ ፊት አሥር እጥፍ ገደማ ሲያጠነክር፣ ኃይል በርቀት ካሬ ስለሚቀንስ ምስሉ የሚደርስበት ርቀት ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል፤ በምላሹ ግን ጨረሩ የሚሸፍነው ስፋት ከ40 ዲግሪ ብዙም አይበልጥም። ከብረቱ በስተኋላ ያለው ዓለም ለዚያ አንቴና የለም ማለት ይቻላል።

ለዚህ ሁለት መልስ ሊሰጥ ይችላል። አንደኛው የማሠራጫውን ኃይል መጨመር ነው፤ ርቀቱን በእጥፍ ለማሳደግ ግን ኃይሉን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል፣ ሕግም ይገድበዋል፤ በአውሮፓ ለዚህ ሞገድ የተፈቀደው 25 ሚሊ ዋት ሲሆን፣ የሚለካውም አንቴናው ኃይሉን በሰበሰበበት አቅጣጫ ስለሆነ፣ በማሠራጫው በኩል በጌይን ከወሰኑ ማምለጥ አይቻልም። ሁለተኛው መልስ ከአንድ ተቀባይ ጋር ሁለት አንቴና፣ አንድ ዙሪያ የሚያይና አንድ ወደ ፊት የሚያይ፣ ማገናኘት ነው። ይህ በእርግጥ ጠቃሚ ዘዴ ነው፤ ሆኖም የተለመደው ተቀባይ በየቅጽበቱ የሚያደርገው የተሻለ ምልክት ያገኘውን አንዱን አንቴና መምረጥ ስለሆነ፣ ምርጫውን ከሰው እጅ ወደ መሣሪያው አዛወረው እንጂ አላስቀረውም።

አንቴና የሚነሣው ግን አቅጣጫን ብቻ አይደለም። ሞገድ ሲጓዝ የኤሌክትሪክ መስኩ የሚወዛወዝበት አኳኋን ፖላራይዜሽን ይባላል። የዳይፖል መስክ በአንድ መስመር ላይ ብቻ ስለሚወዛወዝ፣ ድሮኑ ሲታጠፍ በጎኑ ከተጋደለ ከምድሩ አንቴና ጋር ይተላለፋል፤ ምስሉም ይዳከማል። በክብ ፖላራይዜሽን ግን መስኩ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ እየተሽከረከረ ስለሚጓዝ የድሮኑ መጋደል ያን ያህል አይጎዳውም። ለዚህ የሚሠራው የታወቀው አንቴና ባለ ሦስት ቅጠል ነው። ሠሪው አንድ የሞገድ ርዝመት ያላቸው ሦስት ሽቦዎች ይቆርጣል፤ የእያንዳንዱን ሩብ ቀጥ አድርጎ፣ ግማሹን በቅስት አጥፎ፣ ቀሪውን ሩብ ወደ መነሻው ይመልሳል፤ ከዚያም ሦስቱን ቅጠሎች በ120 ዲግሪ አራርቆና እያንዳንዱን በ45 ዲግሪ አጋድሎ፣ አንዱን ጫፍ ከኮአክሲያል ገመዱ መካከለኛ ሽቦ፣ ሌላውን ከውጭ ሽፋኑ ጋር ይበይዳል። ቅጠሎቹ የተጋደሉበት ወገን አንቴናው ቀኝ ወይም ግራ መሆኑን ይወስናል። ርዝመቱ፣ ቅስቱ፣ ማዕዘኑ ሁሉ አንድ ሆኖ የተጋደለበት ወገን ብቻ የተገለበጠ አንቴና ከጓደኛው ጋር አይግባባም፤ የሚቀበለው ኃይል እስከ መቶኛ ሊያንስ ይችላል።

አማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ. በ1768 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ ቀኝ እጅና ግራ እጅ በመጠንም በቅርጽም በክፍሎቻቸው ግንኙነትም አንድ ሆነው ሳለ አንዱ በሌላው ቦታ ሊገባ እንደማይችል አሳይቶ፣ ልዩነቱ ከክፍሎቹ ዝምድና ብቻ ሊብራራ እንደማይችል ተከራክሮ ነበር። አንቴና ሠሪው ይህን ልዩነት በተግባር ይጠቀምበታል፤ ምክንያቱም ወደ ቀኝ የሚሽከረከር ሞገድ ከግድግዳ ወይም ከቆርቆሮ ጣሪያ ሲነጥር ወደ ግራ የሚሽከረከር ይሆናል። ነጥሮ የዘገየው ሞገድ ከቀጥተኛው ጋር ተደርቦ ምስሉን እንዳያበላሽ፣ የቀኝ አንቴና ግራውን ባለመቀበሉ ያጠራዋል። እምቢታው የእይታው ጉድለት ብቻ ሳይሆን የእይታው ጥራት ምክንያትም ነው። ሁሉን የሚቀበል ተቀባይ እውነተኛውን ምስል ከነጸብራቁ መለየት አይችልም፤ ስለዚህ ውሱንነት ለፍጡር ቅጣት ተደርጎ መታየት የለበትም፤ እውነትን የሚያይበት መንገድም በዚያው በኩል ነውና።

የአኩዊናስ መልስ ከዚህ ጋር ሲታይ፣ መነጽር ያጠለቀው አብራሪ በእርግጥ በሩቁ ሰማይ አለ፤ ነገር ግን ያለው አንቴናው በፈቀደለት አቅጣጫና በፈቀደለት ወገን ብቻ ሲሆን፣ በዚያው ሰዓት ሰውነቱ ከተቀመጠበት ስፍራ እይታው ጠፍቷል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ደንብ ይህን ያወቀ ይመስላል፤ ከሐኪም መነጽር በቀር በመሣሪያ ያልታገዘ ዓይን ድሮኑን እንዲከታተል ስለሚያዝ፣ በምስል መነጽር የሚያበር ሰው ከጎኑ ሰማዩን በዓይኑ የሚጠብቅ ሌላ ሰው ማቆም አለበት። በዩክሬን ጦርነት ተመሳሳይ ትናንሽ ድሮኖች ፈንጂ ተሸክመው ሰው ላይ ሲወርዱ ጥያቄው እጅግ ይከብዳል፤ አብራሪው በዚያ የለሁም እንዳይል ኃይሉ እዚያ አርፏል፤ ሁሉን አይቻለሁ እንዳይል ደግሞ ያየው በጠባብ ጨረር ውስጥ ያለፈውን ብቻ ነው።

ስለዚህ አንቴና የሚመርጥ ወይም የሚሠራ ሰው ኃላፊነት የሚጀምረው ድሮኑ ሲነሣ ሳይሆን ሽቦው ገና ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። ጀርባውን ወደ የት እንደሚያዞር የወሰነው እሱ ነውና፣ በጀርባው በኩል ላለው ሰውም ሆነ በፊቱ ላለው እኩል ተጠያቂ ነው፤ ጨረሩ ከማይደርስበት ወገን የሚጠብቅለት ሰው ሳያቆም በሕዝብ ላይ ሊያበር አይገባውም።