ተቀናሹን ማን ጠየቀው?

ሰሞኑን አራት ፊልም አየሁ። አንዱ የሱፐርሂሮ፣ አንዱ አኒሜሽን፣ ሁለቱ ድራማ። አዲስ አይደሉም፤ አንዳንዶቹን ለሁለተኛ ጊዜ ነው ያየኋቸው። ስጀምር ምንም የሚያገናኛቸው ነገር አልታየኝም ነበር። አራተኛውን ስጨርስ ግን አራቱም አንድ ጥያቄ ዙሪያ እንደሚሽከረከሩ ገባኝ፦ «ብዙዎች እንዲተርፉ ጥቂቶች ይቀነሱ» የሚል ሰው ሲመጣ ምን ብለን እንመልስለት? (ፊልሞቹን ላላያችሁ፣ መጨረሻቸውን እያበላሸሁ ነው የምሄደው፤ ከአሁኑ ይቅርታ።)

ጥያቄው ያረጀ ነው። እንግሊዛዊቷ ፈላስፋ ፊሊፓ ፉት በ1967 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ጽሑፍ ላይ ማቆም ስለማይቻል ባቡር አንድ ምሳሌ አለ። ባቡሩ ባለበት ከቀጠለ አምስት ሰው ይገድላል፤ ነጂው ወደ ሌላኛው ሐዲድ ካጠፈው አንድ ሰው። ከዚያ ወዲህ ስንትና ስንት ሰው ስለ ነጂው ተከራክሯል። ሁሌ የሚገርመኝ ግን ያ ብቻውን ሐዲድ ላይ ያለው ሰውዬ ነው። ስም የለውም፣ ድምፅ የለውም፣ ማንም ምንም አይጠይቀውም። ቁጥር ነው፤ «አንድ»።

ከታኖስ ልጀምር። «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» (2018 እ.ኤ.አ.) ላይ ምርጡ ገጸ ባሕርይ እሱ ነው ብል የምትጣሉኝ አይመስለኝም። የምር፣ ጀግኖቹ ሲቀልዱ እሱ ብቻ ነው ስለ አንድ ነገር አምርሮ የሚያስብ የሚመስለው። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ሀብቱ ውስን፣ አፉ ብዙ፤ ስለዚህ ግማሹን ሕይወት ማጥፋት። ያውም በዕጣ፤ ሀብታም ደሃ ሳይለይ። ፊልሙ የወጣ ሰሞን «ግን እኮ ልክ ነው» የሚል ሰው አልጠፋም ነበር። ግማሹ ቀልድ ነው፤ ግማሹ ግን አልነበረም።

እንደ ኢንጂነር ካያችሁት የታኖስ ሒሳብ በራሱ አያስኬድም። የዓለም ሕዝብ በ1974 እ.ኤ.አ. አካባቢ አራት ቢሊዮን ነበር፤ በ2022 ስምንት ቢሊዮን ደረሰ። ስለዚህ የሰው ልጅን ግማሽ ብታጠፉ የምትመለሱት ወደ 1974 ነው። በቃ። ሃምሳ ዓመት ላልሞላ ጊዜ ስትሉ ግማሽ ዓለም ገደላችሁ ማለት ነው። ሚሞሪ እያፈሰሰ የሚሞላ ሰርቨር ታውቃላችሁ? ሪስታርት ስታደርጉት ለጊዜው ይፈጥናል፤ ባጉ ግን ኮዱ ውስጥ ቁጭ ብሏል። ታኖስ ሪስታርት አድራጊ ነው።

ደግሞ ሒሳቡ ትክክል ቢሆንስ? የሰውዬውን ፍትሐዊነት አንድ ነገር ያጋልጠዋል። ለዓላማው መሥዋዕት ሲጠየቅ የሚወረውረው ልጁን ጋሞራን ነው። ያለቅሳል፤ እንባው የውሸት አይመስለኝም። ግን ከገደሉ ላይ የወደቀችው እሷ ናት። እሷን የጠየቃት የለም። «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የሚለው ተረት ለሱ የተተረተ ይመስላል፤ እያለቀሰ መስደዱ ብቻ ነው ልዩነቱ።

እሺ፣ ታኖስ ክፉው ነው፤ ከሱ ምን ይጠበቃል? የከበደኝ ካፒቴን አሜሪካ ነው። እዚያው ፊልም ላይ ቪዥን «ግንባሬ ላይ ያለውን ድንጋይ ከኔ ጋር አጥፉትና ነገሩ ይብቃ» ይላል። ልብ በሉ፣ ራሱን ነው የሚያቀርበው። ካፒቴኑ ግን እምቢ ይላል፤ ሕይወትን በሕይወት አንለውጥም ነው ነገሩ። መጀመሪያ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ስደግመው ግን ቀጥሎ የሚሆነውን አየሁ። ቪዥንን ይዘው ዋካንዳ ይሄዳሉ። ሹሪ ድንጋዩን ከግንባሩ ለይታ እስክታወጣ ጊዜ ያስፈልጋል፤ ያ ጊዜ የሚገዛው ሜዳ ላይ በተሰለፉ የዋካንዳ ወታደሮች ነው። ስንቱ እንደሞተ ፊልሙ አይቆጥርም። ስማቸውን አናውቅም። የአንድ ጓደኛ ሕይወት አልተለወጠም፤ ስም ባልነበራቸው አፍሪካውያን ሕይወት ተለወጠ እንጂ። በመጨረሻ ቪዥንም አልተረፈም።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ የሚወሳሰበው። ታኖስ በግልጽ ቆጠረ፤ ካፒቴኑ አልቆጥርም አለ፤ ግን አልቆጥርም ማለትም ሒሳብ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ የተቀናሾቹ ረድፍ ከስክሪኑ ጀርባ መሆኑ ነው።

አኒሜሽኑ «ስፓይደርማን፦ አክሮስ ዘ ስፓይደር ቨርስ» (2023 እ.ኤ.አ.) ነው። ሥዕሉን ምን ልበላችሁ፤ እያንዳንዱ ዓለም የራሱ ቀለም አለው፣ ማቆም አይቻልም። መሃል ላይ ተቆርጦ «ይቀጥላል» ማለቱ ግን አናዶኛል። ታሪኩ እንዲህ ነው፦ ማይልስ ሞራሌስ የሚባለው ልጅ አባቱ ሊሞት እንደሆነ ይደርስበታል። ሚጌል ኦሃራ የሚባለው የሸረሪቶቹ አለቃ ደግሞ «የያንዳንዱ ስፓይደርማን ታሪክ ውስጥ ሊቀር የማይችል ሐዘን አለ፤ አባትህን ካዳንክ ዓለምህ ይፈርሳል» ይለዋል። አንድ ሰው ወይስ አንድ ዓለም?

ሚጌል ታኖስ አይደለም። ከፍሏል። ሴት ልጁን እጁ ላይ እያለች አጥቷል። ስለዚህ «ስሌቱን የሚሠራው ሰው ራሱ አይከፍልም» ብዬ ላልፈው አልችልም። ግን ክፍያው ምን አደረገው? «እኔ ከፍያለሁ፣ አንተም ክፈል» የሚል ሰው አደረገው። ይህቺን ዓረፍተ ነገር እኛም እናውቃታለን። «እኛም እንደዚህ ሆነን ነው ያደግነው» የሚል ታላቅ፣ «እኔም ስጀምር እንደዚህ ነበር» የሚል አለቃ። ሐዘን ለአንዳንድ ሰው ርኅራኄ ይሆናል፤ ለአንዳንዱ ደረሰኝ። ደረሰኝ ሲሆን ደግሞ ሌላው ሁሉ እስኪከፍል አይተኛም።

ከሁሉም በላይ ያበገነኝ ሌላ ነው። የማይልስ ጓደኞች ሁሉም ያውቁ ነበር። ግዌን ታውቃለች፣ ፒተር ያውቃል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ሸረሪቶች የተሰበሰቡበት አዳራሽ ያውቃል። ያልተነገረው አባቱ ለሚሞትበት ልጅ ብቻ ነው። ለሚሞተው አባት ደግሞ ጭራሽ ማንም አልነገረውም።

ወደ ድራማው ልሂድ። «ኦፐንሃይመር» (2023 እ.ኤ.አ.) ሦስት ሰዓት ነው፤ ብዙው ሰው ስለ ፍንዳታው ያወራል። እኔን የያዘኝ አንድ የስብሰባ ትዕይንት ነው። ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው ቦምቡ የሚጣልባቸውን የጃፓን ከተሞች ይመርጣሉ። የጦር ሚኒስትሩ ሄንሪ ስቲምሰን ኪዮቶን ከዝርዝሩ ያወጣል፤ ለባህሏ ሲል፣ ደግሞም ከሚስቱ ጋር የጫጉላ ጊዜ ስላሳለፉባት። የጫጉላውን ነገር የታሪክ ሰዎች ይጠራጠሩታል። ስቲምሰን በ1920ዎቹ ኪዮቶን ማየቱ፣ በ1945 ደግሞ ከዝርዝሩ እንድትወጣ ማድረጉ ግን እውነት ነው። በኋላ ናጋሳኪ ዝርዝሩ ውስጥ ገባች። ነሐሴ ላይ ሁለተኛውን ቦምብ የያዘው አውሮፕላን መጀመሪያ የሄደው ወደ ኮኩራ ነበር፤ ከተማዋ በደመናና በጭስ ስለተሸፈነች ወደ ናጋሳኪ ዞረ።

አያችሁ? ሒሳብ ዓይን የለውም ይባላል። ግን አለው። ሰውዬው በእግሩ የረገጣት ከተማ ተረፈች፤ ያልረገጣት ተቃጠለች። ቁጥሩን የያዘው ሰው የሚያውቀውን ነገር ከተቀናሾቹ ረድፍ ያወጣል፤ የማያውቀው እዚያው ይቀራል።

እዚህ ላይ ራሴን አንድ ጥያቄ ጠየቅሁ። ማይልስም እኮ የሚያውቀውን ሰው ነው ለማዳን የሮጠው። አባቱን። ታዲያ ማይልስ ሲያደርገው ለምን አጨበጨብን? ስቲምሰን ሲያደርገው ለምን ደነገጥን? ብዙ ካሰብኩ በኋላ የደረስኩበት ይሄ ነው፦ ማይልስ ዝርዝሩን አልያዘም፤ ከዝርዝሩ ሰው ለማውጣት እንጂ ሌላ ሰው ለመተካት አልሮጠም። ስቲምሰን ግን እስክርቢቶውን ይዟል። ኪዮቶ ከተማ እንደሆነች፣ መንገድ እንዳላት፣ ሰው ሚስቱን ይዞ እንደሚሄድባት አወቀ። ያ እውቀት «ታዲያ ሌሎቹም እንደዚሁ ናቸው» ወደሚል ሊወስደው ይገባ ነበር። አንድን ሰው ማፍቀር ጥፋት አይደለም። ጥፋቱ ሌላውም ሰው የሆነ ሰው ኪዮቶ መሆኑን አለማየት ነው።

አራተኛው የኛው ነው፤ «ድፍረት» (2014 እ.ኤ.አ.)። ዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ ያዘጋጀው፣ በሰንዳንስ የተመልካቾች ሽልማት ያገኘ ፊልም። በ1990ዎቹ በእውነት በሆነ ታሪክ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን ትገድላለች። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን የመሠረቱት፣ በኋላም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት መዓዛ አሸናፊ ጠበቃዋ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ዛፍ ሥር ተቀምጠው ሲመክሩ ሳይ ጨካኞች ሆነው አልታዩኝም። የሚያሳስባቸው ሰላም ነው፤ ደም እንዳይፋሰስ፣ ልማድ እንዳይፈርስ። ከአገሩ ሰላም ጋር ስትመዘን አንዲት ልጅ ምንድን ናት? ሒሳቡ ያው የታኖስ ነው፤ በጋቢ ተሸፍኖ። ልጅቷ ደግሞ እዚያ ዛፍ ሥር የለችም። ስለሷ ነው የሚወራው፤ ከሷ ጋር አይደለም።

«አንተ ደግሞ ከፊልም ተነስተህ የት ደረስክ» እንዳትሉኝ፤ ይሄ ነገር በየቀኑ የምሠራው ሥራ ውስጥ አለ። እኔ የምሠራው ሶፍትዌር ነው። በኛ ሙያ እንዲህ ያለ ስብሰባ የተለመደ ነው፦ አፑ በድሮ አንድሮይድ ላይ እንዲሠራ ማድረግ ጊዜ ይፈጃል፤ «እነሱ እኮ ከመቶ ሁለት ናቸው፣ እንተዋቸው» ይባላል። ማንም አይሞትም፤ ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። ግን አካሄዱ ያው ነው። ከመቶ ሁለቱ ስብሰባው ላይ የሉም። አፑ አልከፈት ያላት እናት ቅሬታ አትልክም፤ ልጇን ጠርታ «ስልኬ ተበላሸ» ነው የምትለው። ይባስ ብሎ ያልተከፈተ አፕ ዳታ አይልክም፤ ስለዚህ ያ «ሁለት» የሚለው ቁጥር ራሱ እነዚያን አልቆጠረም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ወረቀቱ ዛሬ ዳሽቦርድ ሆኗል።

አሁን አንድ ሰው «ታዲያ አንቁጠር ነው የምትለው?» ሊለኝ ይችላል። አይደለም። አልጋው ሁለት፣ ታማሚው አምስት የሆነበት ሐኪም መምረጡ አይቀርም። ጊዜና በጀት ያለው ሁሉ ይቆጥራል። አልቆጥርም ያለው ካፒቴን ምን እንዳደረገ አይተናል። መቁጠር የማይቀር ከሆነ ግን የሚቀነሰው ሰው ቢያንስ እየተቀነሰ መሆኑን ይወቅ። ይናገር። እምቢ ካለ እምቢታው ወረቀቱ ላይ ይጻፍ።

«ኤንድጌም» (2019 እ.ኤ.አ.) ላይ ዶክተር ስትሬንጅ ከዚያ በፊት ያያቸው 14,000,605 የወደፊት ዕጣዎች አሉ፤ የሚያሸንፉበት አንዱ ብቻ ነው። በዚያ በአንዱ ውስጥ ቶኒ ስታርክ ይሞታል። ስትሬንጅ ይህን ያውቃል፤ እንደ ማይልስ ጓደኞች ደብቆታል ልትሉኝ ትችላላችሁ፤ ትክክል ናችሁ። ግን ሰዓቱ ሲደርስ ገፍትሮ አይጥለውም። አንድ ጣቱን ብቻ ያነሳል። ቶኒ ጣቱን አየ፣ ገባው፣ ራሱ ገባበት። ከጋሞራ ጋር አወዳድሩት። ሁለቱም ለብዙዎች ተብለው የሞቱ ናቸው፤ አንዷ ተቀነሰች፣ አንዱ ሰጠ። ቁጥሩ አንድ ዓይነት ነው። ቁጥር ይህን ልዩነት መያዝ አይችልም፤ ለዚህ ነው ብቻውን በቂ የማይሆነው።

እንግዲህ ቁጥር ይዞ የመጣ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ አለቃም ይሁን ባለሥልጣን ወይም ሻይ ቤት የተቀመጠ ጓደኛ፣ ስሌቱ ላይ ከመከራከሬ በፊት አንዲት ነገር መጠየቅ ጀምሬያለሁ፦ «ከነዚህ ከምትቀንሳቸው መሃል አንዱን አናግረኸዋል?» እስካሁን አዎ ያለኝ ሰው ጥቂት ነው። አዎ ያሉት ደግሞ ሒሳቡን ሲያወሩ ድምፃቸው ትንሽ ዝቅ ይላል።